ቱርክ ያልሰፋችው ሱሪ

ፀደይ ባፈና በዚያ የግንቦት ሐሙስ ወደ ሐጂ ሙህሲን መጋዘን የገባችው ጠብ ፈልጋ አልነበረም፤ ዝናብ ነው ያስገባት። ክርና ዚፕ ገዝታ ስትመለስ ሲቀላ ገበያ መሃል ሰማዩ ተቀደደባት። የአርባ ምንጭን የግንቦት ዝናብ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ለመሮጥ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ፌስታሏን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ያገኘችው በር ውስጥ ዘው አለች።

በሩ የሐጂ ሙህሲን ነበር። ሐጂ ስልሳን የተሻገሩ የልብስ ጅምላ አከፋፋይ ናቸው፤ ከመጋዘኑ ፊት የችርቻሮ ሱቅም አላቸው። ከካምባ እስከ ምዕራብ ዓባያ ያለ ቸርቻሪ ዕቃ የሚያነሳው ከእሳቸው ነው፤ የብዙ ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስም በእሳቸው እጅ ያልፋል። ፀደይ ደግሞ ከገበያው ማዶ በተከራየችው ቤት ስድስት ሴቶች ይዛ ልብስ የምታሰፋ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት የካምባ ልጅ ናት። የልብስ ስፌት ቴክኖሎጂ ተምራ፣ በሌላ ከተማ በአንድ ትልቅ ፋብሪካ አምስት ዓመት ስልሳ ማሽን ስትቆጣጠር ኖራ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ወደ አገሯ ተመልሳለች። የደንብ ልብሱን ሥራ ለእኛ ይስጡን እያለች ሁለት ጊዜ ሐጂን ደጅ ጠንታ፣ ሁለቱንም ጊዜ በሻይና በመልካም ቃል ተሸኝታለች። ሻይና መልካም ቃል፣ መቼም እንደምታውቁት፣ ለስድስት ቤተሰብ እራት አይሆንም።

«ግቢ ልጄ፣ በር ላይ አትቁሚ» አሏት ሐጂ፣ ከአዲስ አበባ በዕለቱ የደረሰ ጭነት እያስፈቱ። ከሱሪ ክምር አጠገብ መቀመጫ ሰጧት። የሰፊ እጅ ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አያውቅበትም። ሳታስበው አንዱን ሱሪ አነሳች፣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ ከወገቡ ውስጥ ያለችውን፣ ነጋዴዎች ሌብል የሚሏትን ትንሽ ጨርቅ አየች። በፈረንጅ ፊደል «በቱርክ የተሠራ» ትላለች። ቀጥላ የኋላ ኪሱን ገለበጠችና እጇ ቀጥ አለ።

ኪሱ ጥግ ላይ ሦስት ነጥብ የምታህል የቢጫ ክር ስፌት ነበረች።

«ሐጂ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይህን ሱሪ የሰፋነው እኛ ነን።»

ሐጂ ሳቅ አሉ። «ቱርክ መቼ ሄድሽ?»

«ቀልዴን አይደለም። ቢጫዋ ክር የእትዬ ሻሺቱ ናት። በእኛ ቤት እያንዳንዷ ሰፊ የራሷ ቀለም አላት። ኪስ ውስጥ ሦስት ጊዜ ትወጋለች፤ ስፌቱ ቢበላሽ የማን እጅ እንደሆነ እንድናውቅ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ደላላ ከአዲስ አበባ መጥቶ አራት መቶ ሱሪ አሰፋን። ሌብል አታድርጉበት፣ እኔ አለኝ አለን። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።»

«የማይሆን ነገር ነው። ይህን የመሰለ ስፌት እዚህ አይሰፋም።»

«እንግዲያው ሌላ ያምጡ።»

ሐጂ እልህ ይዟቸው ከክምሩ መሃል አንድ ሱሪ መዘዙና ኪሱን ገለበጡ፤ ቢጫ። ሌላ መዘዙ፤ አረንጓዴ። «ይቺ የኖላዊት ናት» አለች ፀደይ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ሐጂ መምዘዙን ትተው ሱሪውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

ፀደይ የማታ ማታ ሰውየው ሊያምኑኝ ነው፣ ሥራውም የእኛ ነው ብላ አሰበች። የዋህ ናት። ሐጂ ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረው እፍረት አልነበረም፤ የነጋዴ ደስታ ነበር።

«በይ እንግዲህ» አሉ እጃቸውን እያሻሹ፣ «ደላላውን ከመሃል እናውጣው። የመስከረሙን የደንብ ልብስ፣ ሺህ አምስት መቶውንም ሱሪ፣ ለአንቺ እሰጥሻለሁ። ሌብሉን እኔ አስመጣልሻለሁ፤ አንቺው ትሰፊያለሽ። ከዚያ በኋላም ዓመቱን ሙሉ ሥራ አታጪም።»

ፀደይ ይህን ሥራ ለማግኘት ሁለት ዓመት ስትጸልይ ነበር። ያለ እሱ ቤቱ ከክረምቱ እንደማያልፍ ታውቃለች። ስድስቱም ሴቶች ያውቃሉ። ቢሆንም አፏን ስትከፍት የወጣው ቃል ራሷንም አስደነገጣት።

«ሱሪውን እሰፋለሁ። ሌብሉን አልሰፋም።»

«ምን አልሽ?»

«ቱርክ የሚለውን በእጄ አልሰፋም፣ ሐጂ። በሌላው ሁሉ እታዘዝዎታለሁ።»

ሐጂ ሱሪውን አስቀመጡና ረጋ ብለው፣ ልጅ እንደሚመክር አባት፣ ጀመሩ።

«ስሚኝ ልጄ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እኔ ገበያ ነው ያስተማረኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ከተማ ያሰፋሁት ሁለት መቶ ጃኬት ነበረኝ። ጥሩ ጃኬት። ሰው ሲመጣ እውነቱን እናገራለሁ፤ የአርባ ምንጭ ነው እላለሁ። ለብሶ፣ በመስታወት አይቶ፣ ወድዶት፣ የእኛ መሆኑን ሲሰማ አውልቆ ይሄዳል። ዓይኔ እያየ! ዓመት ሙሉ ተቀምጦ አይጥ በላው። በዓመቱ ከውጭ የመጣ፣ ከዚያ የባሰ ጃኬት አመጣሁ፤ በሦስት ሳምንት አለቀ። ታዲያ ሰው ራሱ እንዲዋሽለት ከፈለገ እኔ ምን ላድርግ?»

አንባቢ ሐጂን ክፉ ሰው አድርጎ እንዳይቆጥርብኝ እፈራለሁ። ሐጂ ሙህሲን ሚዛን ሰርቀው አያውቁም፤ ዘካቸውን ያወጣሉ፤ ጎረቤት ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ ናቸው። ግን ሰው በገንዘቡ የከፈለበትን ትምህርት በቀላሉ አይረሳም፤ ያ ጃኬትም እስከዛሬ ሆዳቸው ውስጥ አለ። ልክ ነበሩ ወይ ካላችሁኝ፣ የዚያን ዓመት ልክ ነበሩ እላለሁ።

«አዝናለሁ» አለች ፀደይ። «ግን ሐጂ፣ እርስዎ አዲስ አበባ ሲሄዱ ሙዝ የሚሸጠው ልጅ ምን እያለ ነው የሚጣራው?»

«የአርባ ምንጭ ሙዝ።»

«አርባ ምንጭን በዓይኑ ያላየውን ሙዝ እንኳ የአርባ ምንጭ ነው እያለ ይሸጣል። የጋሞ ደጋ ጋቢስ? ሰው ከስንት አገር ተራራ እየወጣ ዶርዜ ድረስ ሄዶ ነው የሚገዛው? አባቴ ሸማኔ ነበር። ጋቢው ላይ የሌላ አገር ስም ለጥፍ ብለውት ቢሆን መወርወሪያውን ይዞ ነበር የሚያባርራቸው። ታዲያ ሙዛችን በስሙ ሲሸጥ፣ ጋቢያችን በስሙ ሲሸጥ፣ ሱሪያችን ምን አጥፍቶ ነው ስሙን የሚደብቀው?»

«ሙዝ አይለበስማ። ጋቢም ሌላ ነው፤ ጋቢ የአገር ልብስ ነው፤ ፈረንጅ አይችለውም። ሱሪ ግን የፈረንጅ ነው። ደግሞ ኩራቱን ተይውና እስቲ ንገሪኝ፣ ጨርቁ የማነው?»

«ከውጭ የገባ ነው።»

«ዚፑስ?»

«ዚፑም።»

«ክሩስ? እና የአርባ ምንጭ የሆነው ቀዳዳው ነው?»

ሐጂ በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ፀደይም ሳቀች፤ ጥያቄው እውነተኛ ነበር።

«ስለዚህ በሙሉ የአርባ ምንጭ ነው ብዬ አልጽፍም። አርባ ምንጭ ተሰፋ ብዬ ነው የምጽፈው። ጥጡ ከዚህ ዓባያ ዳር ይለቀማል፤ አንድ ቀን ጨርቁም የእኛ ይሆናል፤ ያን ቀን ሌብሉን እለውጣለሁ። ዛሬ የሆነውን ግን ዛሬ እጽፋለሁ። ቱርክ ግን ጨርቁም የእሷ አይደለም፣ ክሩም የእሷ አይደለም፣ ስፌቱም የእሷ አይደለም። የቱርክ የሆነችው ያቺ አውራ ጣት የምታህል ጨርቅ ብቻ ናት፤ እሷንም ማን እንዳተማት እንጃ።»

«እኔ ስለ ሽያጭ አወራሻለሁ፣ አንቺ ስለ ጽሑፍ ታወሪኛለሽ።»

«እኔም ስለ ሽያጭ ነው። አንድ ነገር ልንገርዎት። እዚያ ፋብሪካ ሳለሁ በቀን ሦስት ሺህ ሸሚዝ ይወጣ ነበር። ሁሉም ላይ በኢትዮጵያ የተሠራ የሚል ሌብል ነበረበት። ፈረንጆቹ በአገራቸው ሱቅ ገብተው፣ አንብበው፣ ከፍለው ይለብሱት ነበር። ፈረንጅ ያላፈረበትን የእኛን ስፌት እኛ ነን የምናፍርበት።»

«ታዲያ ያ የማያፍር ፋብሪካ ለምን ተዘጋ?» አሉ ሐጂ፤ የያዟት መሰላቸው።

ፀደይን ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር።

«ስፌታችን ከፍቶ አይደለም የተዘጋው። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ሰው፣ በሸሚዝ ጥቂት ሳንቲም የሚቀንስለት ሌላ አገር አገኘ። አለቀ። እኛን አንድ ቀን አላየንም፤ ስማችንን አያውቅም። አንድ ማለዳ ስንመጣ ጨርቅ የለም አሉን። ሺህ ሰው ነበርን። ያን ቀን የገባኝን ነገር እስካሁን አልረሳሁትም። ልብስ የት ይሰፋ ብሎ የሚወስነው ሰው ሰፊዋን የማያውቃት ከሆነ፣ እሷን መተው ለእሱ ምንም አይደለም። እርስዎ አሁን የሚሉኝም ያው ነው። ሌብሉን ልስፋልዎት እሺ። በሚመጣው ዓመት አንድ ብር የሚቀንስ ሌላ ሰፊ ሌላ ከተማ ያገኛሉ። ቱርክ ቱርክ እንደሆነች ሱቅዎ ውስጥ ትኖራለች። እኛ እንጠፋለን። የጠፋን ሰው ደግሞ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም፤ መጀመሪያም እንዳለን የሚያውቅ የለማ።»

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። ነገሩ ነክቷቸዋል፤ ግን ሲነካቸው ወደ ንግዳቸው የሚሸሹ ሰው ናቸው።

«ግትር ነሽ። እንግዲያው በቃል አንጨቃጨቅ። ቅዳሜ ገበያ ነው። ሱቄ ፊት ሁለት ክምር አደርጋለሁ። በግራ የቱርኩን እንዳለ፤ በቀኝ አርባ ሱሪ ሌብሉን አውጥተሽ የራስሽን ስፊበት። አንድ ስፌት፣ አንድ ጨርቅ፣ አንድ ዋጋ። አርባው እስከ ማታ ካለቀ ሥራው በስምሽ ያንቺ ነው። ካላለቀ የቱርክን ትሰፊያለሽ።»

«ካላለቀ ቤቴን እዘጋለሁ። የቱርክን ግን አልሰፋም።»

«በስድስት ሰው እንጀራ አንቺ ብቻሽን ትፈርጃለሽ?»

ይህች ነገር ወጋቻት። ሆኖም አንገቷን አልደፋችም። «የግራው ክምር የእርስዎ ነው፣ ሐጂ። እስከ ዛሬ አያውቁም ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን እያወቁ ነው የሚሸጡት።»

ሐጂ አርባ ሱሪ ቆጥረው አስረከቧት። ዝናቡም አባርቶ ነበር፤ ፀደይ አመስግና አርባውን ሱሪ ተሸክማ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ነገሩን ለሴቶቹ ዘረገፈችላቸው። መጀመሪያ የተቆጣችው እትዬ ሻሺቱ ናት፤ ከሁሉም ታላቅ፣ አራት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ ማሽን ላይ ስትቀመጥ ሌላው ዓለም የሚጠፋባት ሴት።

«አብደሻል?» አለቻት። «ሥራው እጅሽ ገብቶ ሳለ! ቱርክ በዪው፣ ከፈለግሽ ጨረቃ በዪው። ለእኔ ልጆች ሌብል አይበላም።»

«እትዬ ሻሺቱ—»

«እትዬ ሻሺቱ አትበዪኝ። አንቺ ዲግሪ አለሽ፤ ነገ ሌላ ቦታ ትቀጠሪያለሽ። እኔ የት እሄዳለሁ?»

እውነቷን ነበር። ፀደይ ከአርባው ሱሪ አንዱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሻሺቱ ማንበብ ስለማትችል ሌብሉን ገልብጣ ገልብጣ አየችው።

«ምን ይላል?»

«ይህን ሱሪ የሠራችው ቱርክ ናት ይላል።»

ሻሺቱ ኪሱን ገለበጠች። ቢጫ ክሯን አየች። በጣቷ ዳሰሰቻት።

«ይህን እኮ የሰፋሁት ትንሿ ልጄ ታማ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ነው» አለች። «ሌሊት እሷን እያስታመምኩ፣ ቀን እየመጣሁ። አንድ መርፌ አልዘለልኩም። አሁን ቱርክ ናት የሠራችው ይላል?» መቀሱን አንስታ ሌብሉን በሁለት ምት ቆርጣ ጣለችው። «አምጪ የቀረውን። ብንራብም በስማችን እንራብ።»

ቅዳሜ ማለዳ ፀደይ አንድ ማሽን በጋሪ አስጭና ሐጂ ሱቅ በር ላይ ተከለች። አርባው ሱሪ የራሳቸው ሌብል ተሰፍቶበት በቀኝ ተደረደረ። ከላዩ በካርቶን ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ተሰፋ። እግሩ ቢረዝምዎት እዚሁ እናሳጥራለን። ስፌቱ ቢተረተር ይዘው ይምጡ፤ በነፃ እንሰፋለን።» ሐጂ ካርቶኑን አነበቡና ጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ።

እኔ ነገርን ማሳመር አልወድም፤ ስለዚህ እውነቱን ልናገር፦ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ፀደይ አለቀላት። ሰው ይመጣል፣ ከቀኝ ያነሳል፣ ይዳስሳል፣ ሌብሉን ያነባል፣ ያስቀምጣል፣ ከግራው ያነሳል፣ ቱርክን ያያል፣ ይከፍላል። አንድ ጎረምሳ «የሲቀላ ሱሪ ለብሼ ሲቀላ ልሂድ?» ብሎ ጓደኞቹን አሳቃቸው። ከግራው አሥራ አንድ ተሸጠ። ከቀኙ ሁለት፤ ከሁለቱም አንዱን የገዙት የእትዬ ሻሺቱ የንስሐ አባት ናቸው። ሐጂ አላፌዙባትም። ይልቁንም ሻይ አስመጡላት፤ ፀደይን ከሳቁ ይልቅ ያቺ ሻይ ነች ያሳዘነቻት።

በዚህ መሃል ካሱ የሚባል፣ አቅራቢያ ባለችው የጫኖ መንደር ሙዝ የሚያመርት ገበሬ መጣ። የሐጂ የቆየ ደንበኛ ነው፤ ሐጂም ለቤታቸው ሙዝ የሚገዙት ከእሱ ነው። በፌስታል የጠቀለለውን ሱሪ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረ።

«ሐጂ፣ ለፋሲካ የሸጡልኝ የቱርክ ሱሪ ዚፑ ወለቀ። አዲስ ሱሪ በመርፌ ቁልፍ ነው የምዘጋው። ልጆቼ ይስቁብኛል።»

ሐጂ ሳያስቡት፣ ሁልጊዜ የሚሉትን አሉ። «ምን ላድርግህ ካሱ? የውጭ ዕቃ ነው። ቱርክ ሄጄ ዚፕ አላመጣልህ።»

«እኔም ለማን ልንገር ብዬ ነው እርስዎ ጋ የመጣሁት። ቱርክን አላውቃት።»

«ጋሼ ካሱ፣ እስቲ ለእኔ ይስጡኝ» አለች ፀደይ። ኪሱን ገለበጠች፤ አረንጓዴ ክር። «ከአራት መቶው ቀድሞ የተሸጠ መሆን አለበት፤ የኖላዊት እጅ ነው። ዚፑ ላይ አንድ ስፌት ዘላለች፤ ሰኞ እነግራታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልን።» የድሮውን ዚፕ ፈትታ፣ አዲስ አስገብታ፣ ደርባ ሰፋችለት። ካሱ ማሽኗ አጠገብ ቆሞ እጇን በዓይኑ ሲከተል ቆየ። ሦስት አራት ሰው ሥራውን ለማየት ከበባቸው።

«አንቺ ነሽ የሰፋሽው?» አላት።

«የእኔ ቤት ሴቶች ናቸው።»

«ቱርክ ሄዳችሁ?»

«የት እንሄዳለን ጋሼ? ያ ከወፍጮው አጠገብ ያለው ሰማያዊ በር ነው ቤታችን።»

ካሱ ሱሪውን ተቀበለ። ዚፑን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ። ከዚያ ወደ ሐጂ ዞረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ምናልባት ከፍ ቢያደርገው ለሐጂ በቀለላቸው ነበር።

«ሐጂ፣ ለፋሲካ ሲሸጡልኝ ያውቁ ነበር?»

«ወላሂ አላውቅም ነበር።»

«አምናለሁ። ዛሬስ?»

የሐጂ ዓይን ወደ ግራው ክምር ሄደ። ሌብሎቹ ገዢ እንዲያያቸው ሆነው ተደርድረዋል፤ የደረደሯቸው ራሳቸው ናቸው።

«ዛሬ አውቃለሁ» አሉ ሐጂ።

«እኔ ሙዝ ሳመጣልዎት የተመታውን ከሥር ደብቄ አውቃለሁ?»

«አታውቅም፣ ካሱ።»

ካሱ ለዚፑ ስንት ነው ብሎ ፀደይን ጠየቃት፤ በነፃ ነው ስትለው መረቃት። ሱሪውን አጣጥፎ፣ ለሐጂም እንደ ወትሮው እጅ ነስቶ ሄደ።

ሐጂ ሙህሲን ባንኮኒው ጀርባ ቆመው ቀሩ። አርባ ዓመት በዚህ ገበያ ሲነግዱ ሸማች ተጣልቷቸው ያውቃል፣ ሰድቧቸው ያውቃል፤ አምናለሁ ብሎ የጠየቃቸው ግን የለም። ፀደይ የሰውየው ፊት ሲጠቁር አየችና ደስ ሊላት ሲገባ አዘነችላቸው።

«አስተግፊሩላህ» አሉ ለራሳቸው፣ የአላህን ምሕረት እየለመኑ። ከዚያ መቀስ አነሱ። የግራውን ክምር ወደ ራሳቸው ጎተቱና አንድ ባንድ ሌብሉን መቁረጥ ጀመሩ። አንድ ገዢ «ሐጂ፣ ምን እያደረጉ ነው? እሱን ልገዛ ነበር» ቢላቸው፣ «ይህን ልትገዛ አልነበረም፤ በዚህ እኔ ላታልልህ ነበር» አሉት። ሳያቋርጡም ሰው ሁሉ እንዲሰማ ተናገሩ።

«ዛሬ ጠዋት የቱርክ ብዬ የሸጥኩት አሥራ አንድ ሱሪ የአርባ ምንጭ ስፌት ነው። ጨርቁ የውጭ ነው፤ የሰፉት ግን የእዚች ልጅ ሴቶች ናቸው። የገዛችሁ ካላችሁ፣ ወይም የገዛ ካወቃችሁ፣ ገንዘቡ እኔ ጋ አለ።»

ወሬ ገበያ ውስጥ ከሰው ቀድሞ ይሮጣል። ከሰዓት በኋላ ከአሥራ አንዱ ገዢዎች አራቱ ተመለሱ። አንዱ ሱሪውን ጥሎ ብሩን ተቀበለ፤ ተቆጥቶም ነበር፣ መብቱ ነው። ሦስቱ ግን ብራቸውን አልጠየቁም። «እግሩን ታሳጥራላችሁ አሉን፣ እውነት ነው?» ብለው ነው የመጡት። ከእነሱ ኋላ ሌሎች መጡ። ፀደይ ቀና ሳትል ሰፋች፤ ስትደክም ሻሺቱን አስጠራች፤ ሻሺቱም የራሷን ቢጫ ክር ለገዢው እያሳየች «ይቺ እኔ ነኝ» ትል ጀመር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሐጂ የቀኙን ክምር ቆጠሩ። አሥራ ሦስት ሱሪ ቀርቷል።

«አላለቀም» አለች ፀደይ።

«አላለቀም።»

«እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው። ቤቱን—»

«ተይ እስቲ» አሉ ሐጂ፣ ደከም ባለ ድምፅ። «ውሉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ የግራው ክምር የለም፤ ከምን ጋር ልታወዳድሪው ነው? ደግሞም አሥራ ሦስቱ ሰኞ ይሸጣል። ስሚኝ ልጄ። ሐሙስ ዕለት ሰው እንዲዋሽለት ይፈልጋል ብዬሽ ነበር። ካሱ ግን የፈለገው ዚፕ ነው። እኔ አርባ ዓመት የሸጥኩት ልብስ ሲበላሽ የሚጠየቅለት ሰው የሌለው ልብስ ነው። ያን ጃኬቴንም ሰው የጠላው የእኛ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። የእኛ ነው አልኩት እንጂ የማን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ቢቀደድ የት እንደሚሄድም አላሳየሁትም። ሥራው ያንቺ ነው። በስምሽ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ጠቃሚው ይኸው ነው። በሰኔ ፀደይና ኖላዊት ሜትር ይዘው ወደ ምዕራብ ዓባያ ትምህርት ቤቶች ሄዱና ልጆቹን ራሳቸውን ለኩ። ቀድሞ የሚመጣው የደንብ ልብስ ልኩ የተወሰደው ከሌላ አገር ልጅ ስለነበር፣ ግማሹ ልጅ ወገቡን በሲባጎ አስሮ ነበር ዓመቱን የሚጨርሰው። አሁን ያ ቀረ። ጭነቱ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ መመለሱ ስለቀረ የመኪናው ኪራይና የደላላው ድርሻ ተቆጥቦ፣ ከፊሉ ለወላጅ ዋጋ ቅናሽ፣ ከፊሉ ለሰፊዎቹ ደመወዝ ሆነ። ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ ለጥገና ይመጣል፤ የሚመጣውን ሁሉ ፀደይ ትጽፋለች፤ ኖላዊትም ዚፕ ላይ መርፌ መዝለል አቆመች፣ ምክንያቱም የዘለለችው መርፌ በሳምንቱ ደጇ ድረስ ይመጣባታል። ስድስቱ ሴቶች በመስከረም አሥራ አራት ሆኑ። እነዚህን አሥራ አራት ሴቶች ከእንግዲህ ባሕር ማዶ ያለ ሰው በአንድ ማለዳ ሊያጠፋቸው አይችልም፤ ከተማው ያውቃቸዋላ።

የተናቀ ስፌት ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ተከበረ አልልም። ዛሬም የእኛ መሆኑን ሲሰማ አውልቆ የሚሄድ አለ። በቀደም አንድ ሸበላ ወጣት ሐጂ ሱቅ ገብቶ፣ ሱሪ ለክቶ፣ በመስታወት ፊት ዞር ዞር ብሎ፣ «አባባ፣ ይህ ሱሪ የየት አገር ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

ሐጂ ከወንበራቸው እንኳ አልተነሱም።

«የሲቀላ ነው» አሉት አፋቸውን ሞልተው። «ቢቀደድብህ እኔ ጋ አትምጣ። ሰፊዋ ያቻትልህ ማዶ፤ ሂድና ከእሷ ጋር ተጣላ።»